«ሐበሻ ሕግ አይገባውም» ለምትሉ፦ ስዊድን በአንድ ጠዋት ከግራ ወደ ቀኝ የዞረችበት ታሪክ

የዛሬው ረዘም ይላል፤ ቡና ይዛችሁ ተቀመጡ።

ሰሞኑን ከስልክ ስልክ የሚዞረውን ቪዲዮ ሳታዩት አልቀራችሁም። አዲስ አበባ፣ አንድ መስቀለኛ መንገድ ላይ መብራቱ ጠፍቶ፣ ሚኒባሱ፣ ሲኖትራኩና የቤት መኪናው አንዱ በሌላው አፍንጫ ሥር ገብቶ ተቆላልፏል። ወደ ኋላ የሚል የለም፤ የሚሰማው ክላክስ ብቻ ነው። እኔን የገረመኝ ከቪዲዮው ይልቅ ከሥሩ የተጻፈው ነው። «ሐበሻ ሕግ አይገባውም።» «ፈረንጅ ሲፈጠርም ሥርዓት ይዞ ነው የተፈጠረው።» «ደማችን ውስጥ ነው፣ አይለቅም።» ይህን ከጻፉት ብዙዎቹ ደግሞ እዚሁ አውሮፓና አሜሪካ የምንኖር ነን።

ይህ የደም ነገር አይዋጥልኝም። ስቶክሆልም ውስጥ ታክሲ እነዳለሁ፤ ሥርዓት አክባሪ የሚባለውን ሕዝብ ከኋላ ወንበር አስቀምጬም፣ ከጎኔ ሲነዳም አየዋለሁ። ጥሩ ሕዝብ ነው። ግን ሥርዓትን ከእናቱ ማሕፀን ይዞ አልወጣም። እንዲያውም ይህ አገር የመንገድ ሕግን አንድ ጊዜ እንደ አዲስ መማር ነበረበት፤ በአንድ እሑድ ጠዋት፣ ሁሉም ሰው እኩል። ታሪኩን ብዙዎቻችሁ በአንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ታውቁታላችሁ፦ መኪኖች ወዲያና ወዲህ ተደበላልቀው፣ ሰው መሀል አስፋልት ላይ ቆሞ። ቦታው ኩንግስጋታን የሚባለው መንገድ ነው፤ በሳምንት ስንት ጊዜ አልፍበታለሁ። ፎቶውን የሚያጋሩት ሰዎች «ትርምሱን እዩ» ይላሉ። የዚያን ቀን ውሎ ግን ፎቶው ከሚያስመስለው በጣም የራቀ ነው።

ከ1955 ልጀምር። (ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው፤ የእኛን ስጠቅስ ዓ.ም. እላለሁ።) ያን ጊዜ ስዊድን እንደ እንግሊዝና እንደ ኬንያ በግራ ነበር የምትነዳው። ልማዱ ከ1734 የመጣ ነው፤ መኪና ሳይሆን ፈረስና ጋሪ ከነበረበት ዘመን። ጎረቤቶቿ ኖርዌይና ፊንላንድ በቀኝ ይነዳሉ፤ ድንበር የተሻገረ ሾፌር ሁሉ ጎኑን መቀየር አለበት። ከዚያ የባሰው ግን መኪኖቹ ናቸው። እዚህ አገር ይነዱ ከነበሩት መኪኖች አብዛኞቹ፣ አገሬው የሚሠራው ቮልቮ ሳይቀር፣ መሪያቸው በግራ በኩል ነበር፤ በቀኝ ለሚነዳ አገር እንደተሠሩ ማለት ነው። ሾፌር ለሆናችሁ ማስረዳት አያስፈልግም። ለሌሎቻችሁ፦ መንገዱን በግራ ይዛችሁ መሪያችሁም በግራ ከሆነ የምትቀመጡት ከመንገዱ ጠርዝ፣ ከቦዩ አጠገብ ነው። ከፊታችሁ ያለውን የጭነት መኪና ልቅደም ስትሉ ከወዲያ የሚመጣውን ለማየት ግማሽ መኪናችሁን አውጥታችሁ ነው። ጠባብ የገጠር መንገድ ላይ፣ በክረምት ጨለማ፣ ይህ ምን እንደሆነ ገምቱት።

ስለዚህ ሕዝቡ ተጠየቀ። በኦክቶበር 1955 ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ። ከመቶ 83 ያህሉ በግራ እንቀጥል አለ። ቀኝ ይሁን ያለው ከመቶ 16 አይሞላም። ያ ሥርዓት አክባሪና ምክንያታዊ የሚባለው ሕዝብ፣ ቁጥሩ ሁሉ ቀኝ ይሻላል እያለ፣ አይሆንም አለ።

ይህን ድምፅ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ግትርነት ብቻ አይመስለኝም። አንድ ሰው ብቻውን ቀርቦ «አንተ በቀኝ መንዳት ትችላለህ?» ቢባል እችላለሁ ይላል። የሚያስፈራው እሱ አይደለም፤ ከወዲያ የሚመጣው ነው። ያኛው ረስቶ በግራው ቢመጣስ? ሽማግሌው ጎረቤቴስ ይለምደዋል? ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰው ገበሬስ? በመንገድ ላይ ሕግ ማወቅ የማይበቃበት ምክንያት ይኸው ነው። ሕጉን ሌላው እንደሚያውቀው፣ እንደሚያከብረውም ማመን ያስፈልጋል።

የስዊድን ሕዝበ ውሳኔ መንግሥትን የሚመክር እንጂ የሚያስገድድ አይደለም። በ1963 ፓርላማው የሕዝቡን ድምፅ አልፎ በሰፊ ብልጫ ቀኝ እንዲሆን ወሰነ። ለአራት ዓመት የሚያዘጋጅ ኮሚሽን ተቋቋመ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት የመገናኛ ሚኒስትር የነበረው ኡሎፍ ፓልመ ነው፤ አዎ፣ በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ በ1986 እዚሁ ከተማ፣ ስቬያቬገን በሚባለው ጎዳና ላይ የተገደለው። ከታክሲ የሚወርድ ቱሪስት አሁንም ቦታውን አሳየኝ ይለኛል።

አሁን ልብ በሉ። እኔ ድሮ መሐንዲስ ነበርኩ፤ መሐንዲስ እንዲህ ያለ ሥራ ቢሰጠው ዝርዝሩን የሚጀምረው ከብረቱና ከሲሚንቶው ነው። እሱም ተሠርቷል። ወደ 360,000 የሚጠጋ የመንገድ ምልክት መቀየር ነበረበት፤ አብዛኛው በዚያች ሌሊት። የትራፊክ መብራት ሁሉ በሌላው በኩል ሁለተኛ ተተክሎ በጥቁር ፕላስቲክ ተሸፍኖ ቀኑን ይጠብቅ ነበር። የአውቶቡስ በር በግራ ነው፤ በቀኝ ይከፈትላቸው ተብሎ ብዙ ሺህ አውቶቡሶች ተቀደዱ፣ አዳዲስም ተገዙ። አንዳንዶቹ አሮጌዎች በግራ ለሚነዱት ለኬንያና ለፓኪስታን ተሸጡ። የስቶክሆልም ትራም ከጥቂት መስመር በቀር በዚሁ ሰበብ ቀረ። ጠቅላላ ወጪው ከ600 ሚሊዮን ክሮና በላይ ነበር፤ በዚያ ዘመን ክሮና።

ከብረቱ ሥራ ይልቅ እኔን የሚደንቀኝ ሌላው ነው። ኮሚሽኑ የሥነ ልቦና ባለሙያዎችን አማከረ። ለቤቱ ሁሉ መጽሔት ተላከ፤ ለውጭ አገር ሰዎችም በየቋንቋቸው ተዘጋጀ። የቀኑ ምልክት፣ ቀስት ያለበት «ሆ» የሚሉት ፊደል፣ በወተት ካርቶን ላይ ታተመ። በወንዶች የውስጥ ሱሪ ላይ ሳይቀር ታተመ፤ እየቀለድኩ አይደለም። የዘፈን ውድድር ተደረገ፤ ያሸነፈው ዘፈን ስቬንሰን የሚባለውን ሰውዬ ቀኝህን ያዝ የሚል ነው። ስቬንሰን ማለት እኛ ዘንድ አቶ ከበደ እንደምንለው ነው፤ ማንም ሰው።

ለምን የወተት ካርቶን? ሰውዬው መጽሔቱን አንብቦ ቀኑን ያውቀዋል እኮ። ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። በፖስታ የመጣውን ወረቀት ብቻዬን ነው የማነበው፤ ጎረቤቴ ያንብበው ይጣለው አላውቅም። የወተት ካርቶኑን ግን እኔ ቤት አየዋለሁ፣ ጎረቤቴ ጠረጴዛ ላይ አየዋለሁ፣ መሥሪያ ቤት አየዋለሁ። ዘፈኑን አውቶቡስ ውስጥ ሁላችንም እንሰማዋለን። እኔ ማወቄን እሱ ያውቃል፤ እሱ ማወቁን እኔ አውቃለሁ። ሕዝብ ፊት የሚነገር ነገር ከግል ደብዳቤ የሚለየው በዚህ ነው። አገራችን አዋጅ በነጋሪት ይታወጅ የነበረው ለዚህ አይደል? ከሕዝቡ ብዙው ማንበብ ስለማይችል ብቻ አይመስለኝም። ነጋሪቱን የሰማ ሰው ሌላውም እንደሰማ ስለሚያውቅ ነው።

ቀኑ ደረሰ፤ እሑድ ሴፕቴምበር 3 ቀን 1967፣ በእኛ ነሐሴ 28 ቀን 1959 ዓ.ም.። «ዳገን ሆ» ይሉታል። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ጀምሮ አስፈላጊ ሥራ ከሌለው በቀር መንዳት በመላ አገሪቱ ተከለከለ። ስቶክሆልም ውስጥ ከቅዳሜ ጠዋት 4 ሰዓት እስከ እሑድ ከቀኑ 9 ሰዓት ድረስ። ሠራተኛውና ወታደሩ ምልክት ሲቀይር አደረ። 11 ሰዓት ሊሆን 10 ደቂቃ ሲቀረው መንገድ ላይ ያለ ሁሉ እንዲቆም ተደረገ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ቀኝ ጠርዝ ተሻገረና እንደገና ቆመ። ልክ 11 ሰዓት ሲሆን ተነሣ። ያ የምታውቁት ፎቶ የመሻገሪያዋ ሰዓት ነው። አንዴ አይቶ «ትርምስ» የሚለው ሰው ቀጥሎ የሆነውን ስላላየ ነው።

ሰኞ ሰው ሁሉ ወደ ሥራ ወጣ። ያን ቀን በመላ አገሪቱ 125 የመኪና አደጋ ተመዘገበ። ከዚያ በፊት በነበሩት ሰኞዎች የሚመዘገበው ከ130 እስከ 198 ነበር። የሞተ ሰው የለም። አስቡት፤ ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ከመቶ 83 እምቢ ያለ ሕዝብ ነው። ከዚያ ወዲህ መኪናው ጨምሯል። አንድም ሰው በቀኝ መንዳት ለምዶ አያውቅም። ሆኖም በቀኝ ነዳ፤ ያውም ከትናንትናው በተሻለ።

ፖሊስ ፈርተው ነው? ፖሊስ በየመንገዱ እንዴት ሊበቃ። በዚያ ጠዋት በግራ መንዳት የፈለገ ሰው ቅጣት ሳይሆን ፊት ለፊቱ የሚመጣ ቮልቮ ነበር የሚጠብቀው። ዴቪድ ሉዊስ የሚባል አሜሪካዊ ፈላስፋ በ1969 ስለ ልማድና ስምምነት በጻፈው መጽሐፍ ካነሣቸው ምሳሌዎች አንዱ ይኸው የመንዳት ጎን ነው። ነገሩ ቀላል ነው፦ ግራም ይሁን ቀኝ ለኔ ግድ የለኝም፤ የምፈልገው አንተ የያዝከውን መያዝ ነው። አንተም የምትፈልገው እኔ የያዝኩትን ነው። ሁለት መልስ ያለው ጥያቄ ነው፤ ሁለቱም ትክክል ነው፣ ሁላችንም አንዱን እስከያዝን ድረስ። ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር የሚቻለው ግን አብሮ ብቻ ነው። ስዊድኖች አራት ዓመትና ያን ሁሉ ገንዘብ ያፈሰሱት ለዚያች ለአሥር ደቂቃ መሻገሪያ ነው።

እዚህ ላይ ታሪኩ ቢያልቅ ጥሩ ተረት ነበር። ግን ቀጣዩን ቁጥር እዩ፤ ስለ ዳገን ሆ የሚያወሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚዘሉት ይህን ነው። በ1966፣ ከለውጡ በፊት በነበረው ዓመት፣ በስዊድን መንገድ 1,313 ሰው ሞተ። በ1967፣ 1,077። ትልቅ ቅነሳ ነው። በ1968፣ 1,262። በ1969፣ 1,275። በ1970፣ 1,307። ሦስት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ወደነበረበት ተመለሰ። መንገዱ ያው ነው፣ ሕጉ ያው ነው፣ መሪውና ጎኑም አሁን ተስማምተዋል። ምን ሆነ?

በመጀመሪያዎቹ ወራት የፍጥነት ወሰኑ ለጊዜው ዝቅ ተደርጎ ነበር፤ እሱ አንድ ምክንያት ነው። ከዚያ ውጪ ግን ሁሉም ሰው ከፊቱ የሚመጣውን «ይሄ ይሳሳት ይሆናል» ብሎ ይጠራጠረው ነበር። ስለተጠራጠረው ቀስ አለ። ቀስ ሲል ከኋላው ያለውም ቀስ አለ። ከዚያ ለመዱት። አንዱ ፍጥነቱን ትንሽ ጨመረ፤ ምንም አልሆነም። ከኋላው ያለው አየው፣ እሱም ጨመረ። የአንድ አገር ጥንቃቄ እንዲህ ነው የሚፈሰው፤ ማንም ሰው ያፈሰስኩት እኔ ነኝ ሳይል። ያ ሁሉ «በደሙ ሥርዓት ያለው» ሕዝብ!

ምክንያቱም የመንገድ ሕግ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው እንደ ቀኝና ግራው ነው፤ ብጥሰው የምጎዳው እኔው ነኝ፣ ስለዚህ ራሱን በራሱ ያስከብራል። ሁለተኛው ብጥሰው የምጠቀምበት ነው፦ ፍጥነት፣ ቀይ መብራት፣ የአውቶቡስ መስመር፣ ሰልፍ። እኔ ጥሼ ሌላው ካከበረ አተርፋለሁ። ሌላው ሁሉ ጥሶ እኔ ካከበርኩ ደግሞ ሞኝ እሆናለሁ፣ ሰውም ይስቅብኛል። ሐበሻ በዓለም ላይ ከሞት ቀጥሎ የሚፈራው መሞኘትን አይደል? ስዊድንም ይፈራዋል። ወደ አርላንዳ አየር ማረፊያ በሚወስደው መንገድ ላይ ሁሌ አየዋለሁ። ሁሉም ከተፈቀደው አሥር ኪሎ ሜትር ያህል አልፎ ይነዳል፤ በወሰኑ ልክ የሚሄደውን ሰው ከኋላው መብራት ያበሩበታል። ካሜራው ጋ ሲደርሱ ሁሉም በአንድነት ፍሬን ይይዛል፣ ካሜራው ካለፈ በኋላ ሁሉም በአንድነት ይለቃል። መዘምራን ይመስላሉ።

ይህ ሁለተኛው ዓይነት ሕግ ላይ ማን እንደጣሰውም ለውጥ አለው። በዚያው በ1955 ስዊድን ስትመርጥ፣ አሜሪካ ቴክሳስ ውስጥ ኦስቲን ከተማ ላይ ሦስት ተመራማሪዎች የእግረኛ መሻገሪያ አጠገብ ቆመው ቆጠሩ። አንድ ሰው አዘጋጁና ቀይ መብራት ጥሶ እንዲሻገር አደረጉ፤ አንዳንዴ ሱፍና ክራባት ለብሶ፣ አንዳንዴ ያረጀ የሥራ ልብስ ለብሶ። ሰውየው ሱፍ ሲለብስ ተከትለውት የጣሱት እግረኞች አሮጌ ልብስ ከለበሰበት ጊዜ በግልጽ በዙ። ሰውየው ያው ነው፣ መብራቱም ያው ነው። ይህን ሳነብ በሐሳቤ የመጣው ኦስቲን አልነበረም፤ ቦሌ መንገድ ነው። ጥቁር መስተዋት ያለው ቪ8 መብራቱን እያብለጨለጨ በተቃራኒ መስመር ሲገባ፣ ወዲያው ከኋላው ተጠግተው የሚገቡትን ሦስት አራት የቤት መኪኖች አይታችኋል። ትራፊክ ፖሊሱም አይቷል። በዚያች ደቂቃ ባለሥልጣኑ አንድ ሕግ ብቻ አልጣሰም፤ ያዩት ሁሉ «ሕጉ ለሞኝ ነው» የሚል አዋጅ ሰምተዋል፣ ያውም በነጋሪት።

ታዲያ ሁለተኛው ዓይነት ሕግ ከፈረሰ በኋላ ይመለሳል? ይመለሳል፤ ቢያንስ አንድ ከተማ ላይ ሲመለስ ታይቷል። ኮሎምቢያ ውስጥ ቦጎታ በ1990ዎቹ አጋማሽ ከአዲስ አበባ ትራፊክ የባሰ እንጂ ያነሰ አልነበረም። በዓመት ወደ 1,300 ሰው በመንገድ ይሞት ነበር፤ የትራፊክ ፖሊሱ በጉቦ የታወቀ ነበር። በ1995 አንታናስ ሞኩስ የሚባል የሒሳብና የፍልስፍና መምህር ከንቲባ ሆነ። ይህ ሰው ካደረጋቸው ነገሮች አንዱ ፊታቸውን ነጭ የተቀቡ፣ የማይናገሩ ቀልደኛ ተዋንያንን መስቀለኛ መንገድ ላይ ማሰማራት ነው፤ በሃያ ጀምረው በኋላ በመቶዎች ሆኑ። ዜብራ ላይ መኪናውን ያቆመውን ሾፌር በምልክት ይሳለቁበታል፣ ሕግ ላከበረው ያጨበጭባሉ። መቅጣት አይችሉም፣ መጻፍ አይችሉም። ሕዝቡ ግን ቆሞ ያያል፣ ይስቃል። ከዚያ 350,000 ካርድ ታደለ፦ በአንድ በኩል አውራ ጣት ወደ ላይ፣ በሌላው ወደ ታች። ሾፌር ለሾፌር ያሳያል። እግረኛ መኪና ገጭቶ የገደለበት ቦታ ላይ አስፋልቱ ላይ ኮከብ ተሣለ።

ሥራው ይህ ብቻ አልነበረም፤ የትራፊክ ፖሊሱ ተቀየረ፣ መጠጥ ቤቶች በጊዜ እንዲዘጉ ሆነ፣ በኋላም ጥሩ የአውቶቡስ መስመር መጣ። ሁሉንም ለቀልደኞቹ መስጠት ትክክል አይሆንም። ሆኖም በአሥር ዓመት ውስጥ የሟቹ ቁጥር ከግማሽ በታች፣ ወደ 600 ገደማ ወረደ። ሞኩስ የገባው ነገር የሚመስለኝ ይህ ነው፦ ቦጎታ ውስጥ ሕጉ መከበር አለበት ብሎ የሚያምን ሰው ሞልቶ ነበር፤ ግን እያንዳንዱ ብቻውን የሆነ ይመስለው ነበር። ካርዱ ሲወጣ፣ ጭብጨባው ሲሰማ፣ ብቻዬን አይደለሁም ወደ ማለት መጣ።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። «ደማችን ውስጥ ነው» ለምትሉ አንድ ቀን ልስጣችሁ። ኢትዮጵያም በግራ ትነዳ ነበር፤ ወደ ቀኝ የዞረችው በሰኔ 1956 ዓ.ም. ነው፣ በፈረንጅ በጁን 1964። ስዊድን ከመዞሯ ከሦስት ዓመት በፊት! እርግጥ የእኛ መኪና ያኔ ጥቂት ነው፤ ሥራው ከስዊድን ጋር አይወዳደርም። ግን የጠየቀው ነገር ያው ነው፦ ትናንት ግራ የያዘ ሾፌር ዛሬ ቀኝ ይያዝ፣ ሌላውም እንደሚይዝ ይመን። ያዘ፣ አመነም። ናይጄሪያ በ1972፣ ሱዳን በ1973፣ ጋና በ1974 እንዲሁ ዞሩ። ስለ ስዊድን ዘጋቢ ፊልም ተሠርቶላታል፤ የሱዳንን ዳገን ሆ የሚያወራ ግን አላየሁም።

ይህ አንደኛው ዓይነት ሕግ ነው፣ ቀላሉ ነው ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። እንግዲያው ከባዱን ልጥቀስ፤ ሰልፍ። እኔ አዲስ አበባ በነበርኩበት ጊዜ ታክሲ መያዝ ማለት ክርን ማለት ነበር። በር ሳይከፈት መስኮት የሚያንኳኳ፣ በቦርሳ የሚገፋ፣ አሮጊት የሚረግጥ። አሁን ሄዳችሁ መገናኛን ወይም ሜክሲኮን በሥራ መውጫ ሰዓት እዩ። ሰልፉ እንደ እባብ ተጠማዝዞ መቶ ሁለት መቶ ሰው ይቆምበታል። ለተሳፋሪው ቅጣት የሚጽፍ ፖሊስ የለም። መሀል ልግባ ያለ ሰው ከአሥር አፍ «ኧረ ሰልፍ አለ!» ይሰማና አንገቱን ደፍቶ ወደ ኋላ ይሄዳል። ነፍሰ ጡር ስትመጣ ማንም ሳያዝ ታልፋለች። ዝናብ ሲመጣ ጃንጥላ ይጋራሉ፣ ቦታቸውን አይለቁም። ሰልፍ ብጥሰው የምጠቀምበት ሕግ ነው፤ ሁለተኛው ዓይነት። ያው ክርን የነበረው ሕዝብ ነው ያመጣው፣ ደም ሳይቀይር።

ደግሞ በዚያው ሰልፍ ላይ ሲፈርስም ታዩታላችሁ። አውቶቡሱ ከሰልፉ ራስ ራቅ ብሎ ይቆማል። ሁሉም ያያል፣ ማንም አይንቀሳቀስም። አንድ ሰው ይሮጣል። አንድ ብቻ። ከዚያ መቶ ሰው ይሮጣል፤ ከሯጮቹ ብዙዎቹ ከአንድ ደቂቃ በፊት «ሰልፍ አለ» ሲሉ የነበሩት ናቸው። በዚያች ደቂቃ የቆመ ሰው ሥርዓት ስላለው ሳይሆን እግሩን ስላመመው ነው የሚመስለው።

ከእኛም መሀል ማስረጃ አለ። አዲስ አበባ አሥር ዓመት ሚኒባስ የነዳ ሰው እዚህ መጥቶ መንጃ ፈቃድ በያዘ በሳምንቱ ዜብራ ላይ እግረኛ ሲያይ ይቆማል። ማንም አላስገደደውም፤ ሁሉም ሲቆም ያያል። ያው ሰው ለገና አገር ቤት ይሄድና መኪና ይከራያል። የመጀመሪያውን ቀን ዜብራ ላይ ይቆማል፤ ከኋላው ክላክስ ይነፋበታል፣ እግረኛዋም ግራ ገብቷት አትሻገርም። በሦስተኛው ቀን አይቆምም። ሲመለስ አርላንዳ ፓርኪንግ ላይ መኪናውን አስነሥቶ ከመውጣቱ የመጀመሪያው ዜብራ ላይ ይቆማል። ታዲያ የትኛው ነው ደሙ?

እዚህ ድረስ የጻፍኩት በክርክር ለማሸነፍ አይደለም። ከኋላ ወንበር ላይ የሚቀመጡ ልጆች አሉን። አገር ቤት ተወልደው የማያውቁ፣ ስማቸው ግን ሐበሻ የሆነ። አባትና እናት ስልክ ላይ «እኛ እንዲህ ነን፣ አንለወጥም» ሲሉ ልጁ ይሰማል፤ «እኛ» ውስጥ እሱም አለበት። አዲስ አበባ መንገድ ላይ በየቀኑ ሰው ይሞታል፤ «ደም ነው» ማለት ደግሞ ምንም አይደረግም ማለት ነው። ከንቲባው አይጠየቅም፣ መብራቱ አይጠገንም፣ ቪ8ቱ አይቆምም።

ለማንኛውም አንድ ልመና አለኝ። በሰኔ 1956 ዓ.ም. መኪና ይነዱ የነበሩ፣ ወይም በአባታቸው መኪና ውስጥ ተቀምጠው መንገዱ ሲቀየር ያዩ ሰዎች ዛሬ ሰባና ሰማንያ ውስጥ ናቸው። አባቶቻችሁን፣ አያቶቻችሁን፣ የሰፈር ሽማግሌዎችን ጠይቁልኝ። የዚያን ቀን ጠዋት የት ነበሩ? ማን ነገራቸው፣ በሬዲዮ ነው ወይስ በሰው? መጀመሪያ ፊት ለፊት የመጣባቸው መኪና የትኛውን ጎን ይዞ ነበር? የሰሙትን እንዳለ ከሥር ጻፉልኝ፣ ድምፃቸውን ቀድታችሁ ብትልኩልኝ ደግሞ ይበልጥ ደስ ይለኛል። አሁን ፈረቃዬ ሊጀምር ነው፤ ሌሊት ተራ ስጠብቅ ሁሉንም አነባለሁ።